የጅብ እንስላልና የአብዲ ፈረስ

ጡረታ የወጣሁ ዕለት የሥራ ባልደረቦቼ ከታይዋን ገበያ የተገዛ ትልቅ የአበባ እቅፍ አበረከቱልኝ። አዳራሹ አጨበጨበ፤ እኔም ለማመስገን ብድግ አልኩ። እጄ ግን አላስቻለውም። አንዱን ቅጠል ቆንጥሮ በጣቶቼ መሃል ጨመቀውና ወደ አፍንጫዬ አመጣው። ፕላስቲክ ሸተተኝ። ሰው ሁሉ ሳቀ። አዲሱ አለቃችን "እንግዲህ ብርቄ፣ ስሙን ንገሪና" ሲለኝ አበባውን ገልብጬ ከሥር ከላይ አየሁትና "ፍሬ የለውም፤ ፍሬውን ሳላይ ስም አላወጣም" አልኩት። ወጣቶቹ የራሴ ቀልድ መሰላቸው። ከኋላ የተቀመጡት ሁለት ሦስት ነባር ሠራተኞች ግን ቃሉ የማን እንደሆነ ያውቃሉና እርስ በርስ ተያዩ።

ቃሉ የጋሽ ወርቅነህ ነው። የሥራ ዘመኔን ጻፊ ብትሉኝ የምጽፈው የእሱን ነው። ደመወዛችንማ ሁለት መስመርም አይሞላም።

አባቴ ከሸዋ መጥቶ በምድር ባቡር ጋራዥ ብረት ሲቀጠቅጥ ያረጀ ሰው ነበር። ምኞቱ እኔ ንጹሕ ቢሮ ውስጥ ቁጭ ብዬ ታይፕ ስመታ ማየት ነበር። ምደባው ግን እዚያው ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ወደሚገኝ የእርሻ መሥሪያ ቤት ወረወረኝ፤ እዚያም ስደርስ "ዕፅዋት ክፍል" አሉኝ። አትክልት ቦታ መስሎኝ ደስ አለኝ። ክፍሉ ከግቢው ጀርባ ያለች የቆርቆሮ ቤት ሆና አገኘኋት። ውስጧ አንድ ቀጭን ሰውዬ በተደራረበ ሳንቃ ላይ ተቀምጦ፣ በሥራ ሰዓት፣ ጋዜጣ ያነባል። ፈቀቅ ብሎ "ነይ፣ አንቺም ተቀመጪ" አለኝ። "ምን ልሥራ?" ብለው "ተቀመጪ አልኩሽ እኮ፤ ክብደት ያስፈልገናል" አለኝ። ተቀመጥኩ። ከሥራችን ቅጠል እየተዳመጠ እንደነበር ያወቅኩት ሳንቃውን በገመድ ጠፍሮ ሲጨርስ ነው። የመጀመሪያውን የመንግሥት ሥራ የሠራሁት በመቀመጫዬ ነው ማለት ነው።

ይህን ሰው፣ ጋሽ ወርቅነህን፣ "አንተ" እያልኩ የኖርኩት ንቄው አይደለም። ድሬዳዋ ውስጥ አንቱ ያሉት ሰው "ምነው፣ ምን በደልኩሽ?" ይላል። ከአዲስ አበባ የመጣ ሹም እንኳ ሁለት ቀን ሙቀቱን ከቀመሰ አንተ ይሆናል።

ሥራችን ከየቦታው የመጣ ዕፅ ማድረቅና ማንነቱን ማወቅ ነበር። ገበሬ ማኅበር ከብቴን የገደለው ይህ ነው ብሎ ይልካል፤ ንብ አርቢ ማሬን ያመረረው የትኛው አበባ ነው ይላል። እኛ ዕፁን ከነሥሩ፣ ከነአበባው፣ ከነፍሬው ጋዜጣ መሃል አስተኝተን፣ ሳንቃ ጭነን፣ ወረቀቱን በየቀኑ እየቀየርን እናደርቃለን። ሌላ አገር ለዚህ ሥራ እሳት ይነዳል አሉ። እኛ የድሬዳዋ ቆርቆሮ ነበረን፤ ጠዋት የገባ ቅጠል በሦስተኛው ቀን ይንኮሻኮሻል። አንዳንዴ እኛም እንንኮሻኮሽ ነበር።

ጋዜጣው ግን በዚያን የደርግ ዘመን ቀላል ነገር አልነበረም። የፊት ገጹ ላይ ሁልጊዜ የሊቀ መንበሩ ፎቶ አለ። "እሾህ ዐይናቸው ላይ ቢያርፍ ማን ያስረዳልኛል?" ይል ነበር ጋሽ ወርቅነህ። የፊት ገጹን እየቆረጠ በክብር ግድግዳ ላይ ይለጥፈዋል፣ ቅጠሉን በስፖርት ገጽ ያደርቃል። ከጊዜ በኋላ አራቱም ግድግዳ በፎቶ ተሞላ። ካድሬዎች ለጉብኝት መጥተው "ንቃተ ኅሊናው የዳበረ ክፍል" ብለው አመሰገኑን፤ አንድ የግድግዳ ሰዓትም ሸለሙን። ሰዓቱን የምንሰቅልበት ቦታ ግን አልነበረም።

አለቆች ይመጣሉ፣ ይሄዳሉ። አንደኛው በምርት ዘመቻው ጊዜ ተመድቦ መጣና በየወሩ ለይተን የምናቀርበው ዕፅ ብዛት በዕቅድ ይያዝ አለ። ጋሽ ወርቅነህ በትሕትና "ጓድ፣ እኔ ዝግጁ ነኝ፤ ለዕፆቹ ግን እርስዎ ይንገሩልኝ፣ የሚያብቡት በፈለጉ ጊዜ ነው" አለው። ሰውየው ጨዋ ነበርና ሳቀ። ዕቅዱ ግን አልተነሣም፤ በዓመቱ መጨረሻ ጉድለቱን ያሟላነው ለግቢው አረም በሙሉ ስም አውጥተን ነው።

የካሮትን ዘመዶች የተማርኩት ቀፊራ ገበያ ነው። ጋሽ ወርቅነህ ቅመም ሻጮቹ ፊት ያቆመኝና ዐይንሽን ጨፍኚ ይለኛል። ከዚያ መዳፌ ላይ ጥቂት ፍሬ ያስቀምጣል። በጣቴ ማሸት እንጂ ማሽተት አልተፈቀደም። ድንብላል ክብ ነው፤ ነጭ አዝሙድ ደቃቅና ሻካራ ነው፤ እንስላል ረዘም ብሎ ጎድን ጎድን አለው። "እነዚህ ሁሉ ከካሮት ጋር የአንድ ቤት ልጆች ናቸው" ይለኛል። "አበባቸው ሁሉ የተዘረጋ ጃንጥላ ነው፤ ቅጠላቸው ሁሉ የተበጣጠሰ ነው። በመልክ አትለያቸውም። አንዱ ወጥ ያጣፍጣል፣ ሌላው ሰው ይቀብራል። የሚለያቸው ፍሬው ነው።" ሻጮቹ ሴቶች "ይቺ ልጅ ዐይኗን ምን ሆነች?" እያሉ ያዝኑልኝ ነበር።

አዲስ ዕፅ ሲመጣለት ጋሽ ወርቅነህ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ አንድ ጊዜ ይዞረዋል። ከዚያ እንደ ሐኪም ድምፁን አውጥቶ ይጠይቀዋል፤ "ከየት መጣህ? ጎረቤትህ ማነው? ሥርህን አሳየኝ እስቲ። ፍሬህስ?" ከማዕተቡ ጋር በአንድ ክር ትንሽ አጉሊ መነጽር አንገቱ ላይ አለች፤ እሷን ዐይኑ ላይ ደቅኖ ፍሬውን እያገላበጠ ይቆያል። ምንም ነገር አይቀምስም፤ "አፍ ለምሳ ነው" ይላል። ካልበሰለ ፍሬ ጋር ዕፅ ያመጣ ሰው ወዮለት። "ሰው እንኳ ለክርስትና ስሙ አርባ ቀን ይጠብቃል" ብሎ ይመልሰዋል። "ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፤ የዕፅን ስም ግን ፍሬው ነው የሚያወጣው።" ከሁሉም በላይ ስም ለማውጣት የሚቸኩለውን ሰው ይፈራ ነበር።

እሱ ራሱ የቸኮለው አንድ ጊዜ ብቻ ነው።

አብዲ የሚባል ባለ ጋሪ ነበር። ከባቡር ጣቢያው፣ ከለገሃር፣ የመጣውን ስኳርና ዱቄት ወደ ቀበሌው ሱቅ የሚያመላልስ፣ ድምፁ ከደቻቱ ወንዝ ወዲያ ማዶ የሚሰማ ሶማሌ ነው። ፈረሱ ስም አልነበረውም። "ወሪያ!" ይለዋል፤ አንተ ማለቱ ነው፤ ፈረሱም ይህንን ስሜ ብሎ ተቀብሎት ነበር። በክረምቱ መጨረሻ ይህ ፈረስ በአፍንጫው ደም ያፈስስ ጀመር። ሽንቱም ደም ሆነ። በሁለተኛው ቀን ቀፊራ መግቢያ ላይ ከነጋሪው ወደቀና አልተነሣም። አብዲ ጭንቅላቱን ታቅፎ ገበያተኛው ፊት እንደ ሕፃን አለቀሰ፤ ዱቄቱም ለቀበሌው ሱቅ ሳይደርስ ዋለ።

የቀበሌው ሊቀ መንበር ጓድ ታደለ ይባላል፤ ከአብዮቱ በፊት ልብስ ሰፊ ነበር። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ፈሪ ሰው ነበር። ሕዝብ ለራሽን ተሰልፎ ዱቄት ሲጠፋ፣ ለምን ጠፋ ብሎ የሚጠይቀው የበላይ አለበት። ስለዚህ "ፈረሱ ተመርዟል፤ ይህ የኢኮኖሚ አሻጥር ነው" አለ። ፈረሱን የሚያበላው ማነው ተባለ። ሣር የምታመጣለት ሙሚና ናት ተባለ።

ሙሚናን ሁላችንም እናውቃታለን። ከደንገጎ ተራራ ሣር አጭዳ፣ በጭነት መኪና ላይ ተንጠልጥላ እየወረደች ለባለ ጋሪዎች የምትሸጥ ኦሮሞ ናት። በእኛ በር ስታልፍ ጋሽ ወርቅነህን "አቦ፣ አንተ ዛሬም ቅጠል ላይ ተቀምጠህ ነው?" ትለዋለች። ባሏ ሞቷል፤ ሁለት ትንንሽ ልጆቿ ተራራው ላይ ናቸው። የቀበሌው ዕቃ ቤት ሲሚንቶ ላይ አሳደሯት።

ጓድ ታደለ ሣሩን እንድንመረምር አብዲን ላከው። አብዲ ከግርግሙ የቀረውን ጠራርጎ፣ በትንሽ የጨርቅ ከረጢት አድርጎ አመጣ። ጠረጴዛችን ላይ አስቀመጠውና በር ላይ ቆመ። ዐይኑ ቀልቷል።

"ሙሚና ከታሰረች ልጆቹ ማን ጋ ናቸው?" አለው ጋሽ ወርቅነህ።

"እኔ ምን አውቃለሁ፤ ብቻቸውን ናቸው መሰለኝ" አለ አብዲ።

ጋሽ ወርቅነህ የከረጢቱን አፍ ፈታው። የእንስላል ሽታ ክፍሉን ሞላው። በሣሩ መሃል ላባ የመሰለ ደቃቅ ደረቅ ቅጠል አለ። አበባ የለም፣ ሥር የለም፣ ፍሬ የለም። አልዞረውም፤ አልጠየቀውም። አንዴ አሸተተና "እንስላል ነው" አለ። ጆሮዬን ማመን አቃተኝ። በወረቀት ላይ "ሣርና እንስላል፤ ለእንስሳት ጉዳት የለውም" ብሎ ጻፈ፤ ማኅተም ረገጠበት፤ ለአብዲ ሰጠው። "አሁን ይለቋታል" አለኝ። ፊቱ ላይ ደስታ ነበር፤ እኔም ደስ አለኝ።

በማግስቱ ወሬው መጣ። ጓድ ታደለ ወረቀቱን አንብቦ "ሣሩ ንጹሕ ከሆነ መርዙን የጨመረው የሰው እጅ ነው" ብሏል። ሣሩን የነካ እጅ ደግሞ አንድ ብቻ ነው። ሙሚና ለበላይ አካል ልትተላለፍ ነው አሉ። በዚያን ዘመን ወደ በላይ የተላለፈ ሰው መቼ እንደሚመለስ የሚነግር አልነበረም። ሊያስፈታት የጻፈው መስመር ገመድ ሆነባት።

ጋሽ ወርቅነህ ምሳውን አልበላም። ዳቦና ፓፓያው ፊቱ ተቀምጦ ዝንብ ሲያርፍበት ዝም ብሎ ያያል። በዚህ መሃል አብዲ እንደገና በሩ ላይ ብቅ አለ።

"ከረጢቷን ስጡኝ፤ ባለቤቴ ተቆጣች" አለ።

"የምን ከረጢት?" አልኩት።

"ያችን የሣሩን። የልጁ እንስላል መያዣ ናት። ሆዱን ሲነፋው የምትቀቅልለት።"

ጋሽ ወርቅነህ ቀስ ብሎ ተነሣ። ከረጢቷን አንሥቶ ገለበጣት፤ ከስፌቷ ሁለት ሦስት የእንስላል ፍሬ ዱብ አለ። ቅጠሉን ከሣሩ ለይቶ መስኮት ላይ፣ ነፋስ ላይ ያዘው፤ አሸው፤ አሸተተው። እኔንም አስሸተተኝ። ሣር ሣር ይላል እንጂ የእንስላል ጠረን የለውም። እኛ የመረመርነው የአብዲን ልጅ መድኃኒት ነበር ማለት ነው። እንደኛ ባለ የቅመም አገር ከረጢት ሁሉ አንድ ነገር መሽተቱን ለእኔ ያስተማረኝ እሱ ራሱ ነው።

"የቸኮለች አፍሳ ለቀመች" አለ። "ነይ፣ እንልቀም።"

ጓድ ታደለ መጀመሪያ አልሰማንም። "ጓድ ወርቅነህ፣ በማኅተም ሰጥተኸኛል፤ ማኅተም እንዴት ይሻራል?" አለ።

"ልብስ ስትሰፋ ያበላሸኸውን ስፌት ትተረትረው አልነበረም?" አለው ጋሽ ወርቅነህ።

ጓድ ታደለ በጥብቅ ቅድመ ሁኔታ ፈቀደ። እስከ ነገ ማታ ጊዜ አለን፤ ሙሚና ያጨደችበትን ቦታ እንድታሳይ ትሄዳለች፤ አብዲ ጠባቂ ሆኖ አብሮ ይሄዳል። "ካመለጠች አንተን ነው የማስረው" አለው። ከሳሿ ጠባቂዋ ሆነ።

በነጋታው ጠዋት በመሥሪያ ቤቱ አሮጌ ላንድሮቨር ደንገጎን ወጣን። ጋሽ ወርቅነህ ይነዳል፤ ከኋላ አብዲና ሙሚና ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። ሲሰዳደቡ መንገዱ አለቀ። አብዲ በሶማሊኛ ይጀምራል፣ ሙሚና በኦሮምኛ ትመልሳለች፤ ለእኛ ሲሉ ደግሞ በአማርኛ ይደግሙታል።

"ስንት ዘመን ከአንቺ ገዛሁ፣ ዋላሌ፣ እህቴ፣ ለዚህ ነው?" ይላል።

"ወላሂ፣ ፈረስህ ከአንተ በላይ እኔን ይወድ ነበር። ለምን ብዬ ነው የምገድለው? አቦ፣ ምን አገኛለሁ?" ትላለች።

ዳገቱ መሃል ላይ መኪናው ሲግል ለማቀዝቀዝ ቆምን፤ ሙሚና በሻሿ ጫፍ የቋጠረችውን ቆሎ አወጣች። ለእኛ ዘገነችልን። አብዲ ፊቱን አዞረ። ትንሽ ቆይቶ እጁን ወደ ኋላ ሰደደ፤ እሷም ሳታየው መዳፉ ላይ አፈሰሰችለት። ይህንን በመኪናው መስታወት አየሁ፤ ደስም አለኝ።

ላይ ስንደርስ ልጆቿ ከጎረቤት ቤት ሮጠው መጡና ቀሚሷ ላይ ተጠመጠሙ። አብዲ ተራራውን ማየት ጀመረ።

ድሮ የምታጭድበት መስክ ለችግኝ ተከልሏል። "ግቡ አይሉንም" አለች ሙሚና። ስለዚህ ዘንድሮ ከዚያ በላይ ወዳለው ድንጋያማ ገደል ነው የወጣችው። መራችን። ሣሩ መሃል፣ በየድንጋዩ ሥር፣ ላባ የመሰለ አረንጓዴ ቅጠል ዘለላ ዘለላ ሆኖ ቆሟል። በሩቁ ሲያዩት እንስላል ነው። እኔ ራሴ በሩቁ እንስላል ነው ባልኩ ነበር።

"ላሜ ግን ይህንን አትበላም" አለች ሙሚና ሳትጠየቅ። "ሣሩን ትመርጣለች፣ ይህንን ትተወዋለች።"

አብዲ እንደ ተወጋ ዞረ። "ታውቂ ነበር!"

"ላሜ ጎመንም አትበላም" አለች ሙሚና። "ጎመን ይገድላል? እኔ ከሣሩ ጋር አጭደዋለሁ፤ ፈረስ ደግሞ የጠላውን ይተወዋል ብዬ ነው።"

ፈረሱ የጠላውን መተው የሚችለው ሜዳ ላይ ቢሆን ነው። አብዲ ግን ሣሩን በማጭድ ከትፎ፣ ከፍሩሽካ ጋር አሽቶ ነበር ግርግም ውስጥ የሚያቀርብለት፤ ፈረሱ እንዲጠግብለት ብሎ። ይህንን ሲያስብ ፊቱ ላይ አየሁት። ሁለቱም ፈረሱን ሲወዱት ነው የገደሉት፤ ማንም አላለውም እንጂ።

ጋሽ ወርቅነህ በዚህ ጊዜ ሁሉ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ይዞራል። አሁን ዞረ፤ አሁን ጠየቀ። "ከየት መጣህ? ጎረቤትህ ማነው?" አለ ጮክ ብሎ። የሙሚና ልጆች ተያይተው ሳቁ። ቅጠሉን ጨመቀ፤ የእንስላል ሽታ የለውም። የቅጠሉን እግር አየ፤ እንደ ሰፊ እጅጌ ግንዱን አቅፎታል። "ሥርህንስ?" አለና ወደ አብዲ ዞረ። "ጉልበት ያለህ አንተ ነህ።"

አብዲ ዶማውን ተቀበለ። ቆፈረ፣ ቆፈረ፤ ላቡ ተንጠፈጠፈ። ሥሩ አላልቅ አለ። እንደ ክንድ ወፍሮ በሁለት ድንጋይ መሃል ይወርዳል። በመጨረሻ ግማሹ ተሰብሮ ወጣ። አንገቱ ላይ የድሮ ቅጠሎች ጭራ እንደ አሮጌ ገመድ ተደራርቦ ተጠምጥሞበታል። የዘንድሮ ዘር እንዲህ አይወፍርም፤ በየዓመቱ እየጠወለገ በየዓመቱ ከሥሩ የሚያቆጠቁጥ ነው።

"ፍሬ" አለ ጋሽ ወርቅነህ። "ፍሬ ፈልጉልኝ።"

ክረምቱ ገና መውጣቱ ነው፤ አንድም አበባ የለም። ሁላችንም ተበታተንን። ፍሬ ካልተገኘ እሱ ሁለተኛ ስም እንደማያወጣ አውቃለሁ፤ ስም ካልወጣ ደግሞ ሙሚና ነገ ትሄዳለች። ያገኘችው ራሷ ሙሚና ናት። ከገደሉ አፋፍ ተጣራች። አንድ ያምና አገዳ ከሰው ቁመት በላይ ደርቆ ቆሟል፤ ጫፉ ላይ የጃንጥላው ዘንጎች እንደ ተዘረጉ ናቸው፤ ከእግሩ ደግሞ የዘንድሮው ለምለም ቅጠል ወጥቷል። ንፋስ ያላረገፈው ጥቂት ፍሬ ዘንጉ ላይ ተንጠልጥሏል።

ጋሽ ወርቅነህ መዳፉን ዘረጋ፤ ሙሚና አራገፈችለት። መነጽሩን ዐይኑ ላይ ደቅኖ ቆየ፤ በጣም ቆየ። ከዚያ ለእኔ ሰጠኝና "ዐይንሽን ጨፍኚ" አለኝ። ጨፈንኩ። በጣቴ አሸሁት። ጎድን የለውም። ጠፍጣፋ ነው፤ ዳር ዳሩ ስስ ክንፍ አለው።

"እንስላል አይደለም" አልኩ።

"እንስላል አይደለም" አለ እሱም። "የጅብ እንስላል ነው። ደም የሚያፈስሰው እሱ ነው። ቸኩዬ ነው፣ ሙሚና፤ ይቅር በይኝ።"

ሙሚና ነገሩ ወዲያው አልገባትም። እኔም ደስታና ፍርሃት ተቀላቀለብኝ። መርዙ ተገኘ፤ የተገኘው ግን በእሷ ሣር ውስጥ ነው። ጓድ ታደለ ይህንን እንዴት እንደሚሰማው ማን ያውቃል?

አመሻሹ ላይ ስንመለስ ደቻቱ ሞልቶ ነበር። ድልድዩ ላይ ሰው ጎርፍ ለማየት ተኮልኩሏል፤ አብዲ ሥሩንና ደረቁን አገዳ ተሸክሞ በሰው መሃል "ወሪያ! መንገድ!" እያለ ቀደመን። የቀበሌው ጽሕፈት ቤት ስንደርስ ሥሩን ከነጭቃው የጓድ ታደለ ጠረጴዛ ላይ አጋደመው።

ጋሽ ወርቅነህ አስረዳ። የመጀመሪያው ወረቀት ስሕተት መሆኑን፣ ስሕተቱም የራሱ መሆኑን ተናገረ። የእንስላሉንና የዚህን ፍሬ ጎን ለጎን አስቀመጠ። ጓድ ታደለ ሁለቱንም በጥፍሩ ነካ ነካ አደረገ።

"መልካም" አለ። "መርዝ ነው። እዚያ የዘራው ማነው?"

ሙሚና ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች።

"ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ" አለ ጋሽ ወርቅነህ። ሥሩን አዞረለት። "ይህ የተዘራ አይደለም። ዕድሜውን በቁጥር አልነግርህም፤ አላውቀውም። ግን ይኸው የጎረቤቱ አገዳ፣ አምና ያፈራበት። በዚህ ሥር አንገት ላይ ደግሞ የድሮ ቅጠሎች ጭራ፣ ድርብርብ። ከድንጋዩ ጋር አብሮ ያረጀ ነው። ሙሚና መስኳ ተከልሎባት እስክትወጣ ድረስ ማንም አልነካውም።"

ጓድ ታደለ ሥሩን አነሣ፤ ከበደው።

"ከአብዮቱ በፊት ሊሆን ይችላል?"

"ይችላል።"

"እንግዲያው የፊውዳሉ ርዝራዥ ነው" አለ ጓድ ታደለ።

ይቀልድ ይሁን የምሩን ይሁን እስከ ዛሬ አላውቅም። ማንም ለመሳቅ አልደፈረም። ለበላዮቹ የሚጽፈው ነገር እንዳገኘ ግን ፊቱ ላይ ታየ፤ እንደ ልብስ ሰፊ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ልኩን ያየው ነበር። ወደ አብዲ ዞረ። "አንተስ? ከሳሹ አንተ ነህ።"

አብዲ እጁ ላይ ያለውን ጭቃ ሱሪው ላይ ጠረገ። "እኔ በእሷ ላይ ክስ የለኝም" አለ። "ሣሩን የከተፍኩት እኔ ነኝ። ይቺ ሴት ሌሊት ልጆቿ ጋ መሆን አለባት፤ መኪና ካለ አሁኑኑ ትሂድ።"

ጋሽ ወርቅነህ የላንድሮቨሩን ቁልፍ አወጣ። ሙሚና ያን ጊዜ ነው ያለቀሰችው።

ባለ ጋሪዎቹ አዋጥተው ለአብዲ ሌላ ፈረስ ገዙለት። ሙሚናም መምጣቷን አልተወችም። ከዚያ በኋላ ግን እያንዳንዱን እስር ግርግሙ ፊት ፈትታ፣ አራግፋ፣ ለአብዲ ካላሳየች አትሸጥም። ሌሎቹ ሣር ሻጮችም ከእሷ ተማሩና ልማድ ሆነ። የጅብ እንስላል መሃሉ ካዩ ነቅለው ወደ እኛ ይወረውሩታል፤ የዕፅዋት ክፍሉ በር የመርዝ ገበያ መሰለ። አብዲ አዲሱን ፈረስ እንደ ድሮው ወሪያ አላለውም፤ እንስላል ብሎ ስም አወጣለት። ጋሽ ወርቅነህ ይህንን ሲሰማ "ገና ጥርሱን ሳታይ?" አለው።

ዓመታት አለፉ፤ ደርግ ሳይወድቅ ጋሽ ወርቅነህ ጡረታው ደረሰ። በዚያን ዕለት ለስላሳ ይዘን ቆርቆሮ ቤቷ ውስጥ ተሰብስበናል። ሙሚና መጣች፤ ትልቅ የለመለመ እቅፍ ይዛለች፤ ቢጫው ጃንጥላ አብቧል፣ ከፊሉም አፍርቷል። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ቆመች።

"ይኸው ስጦታህ። ምንድነው?"

ሽታው ቤቱን ሞልቶት ሁላችንም እናውቀዋለን። ጋሽ ወርቅነህ ግን እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ጠረጴዛውን ዞረ። ከየት እንደ መጣ፣ ጎረቤቱ ማን እንደሆነ ጠየቀው። ሥሩን አየ። ፍሬውን በጣቱ አሸ፤ ከማዕተቡ አጠገብ መነጽሩን አውጥቶ አገላበጠው። ለስላሳው ሞቀ። ማንም አልነካውም።

"እንስላል ነው" አለ በመጨረሻ።

"አይ አንተ" አለች ሙሚና። "ያኔም እንዲህ ብትዘገይ ኖሮ እኔ ሲሚንቶ ላይ ሁለት ሌሊት አልጨምርም ነበር።"

ጋሽ ወርቅነህ ቀና ብሎ አያት። "እውነትሽን ነው" አለ።

"እውነቴን ነው" አለች፤ ከዚያ ሳቀች፤ እቅፉን አንሥታ ደረቱ ላይ አስደገፈችለት። "እንካ፤ ለሆድ ጥሩ ነው።"

ወደ ቤቱ የሚያደርሰው አብዲ ነበር፤ ጋሪው በር ላይ ቆሟል። ጋሽ ወርቅነህ እቅፉን ይዞ ሲወጣ ፈረሱ አንገቱን አስግጎ ከስጦታው አንድ ጉርሻ ገነጠለ። እኔ ደንግጬ ልጓሙን ያዝኩ፤ አብዲም ጮኸ።

ጋሽ ወርቅነህ ግን እቅፉን ወደ ፈረሱ አስጠጋለት። "ተዉት፣ ይብላ" አለ፤ "የዚህን ፍሬ አይቻለሁ።"